ዝም ያለ ተጫዋች

ፎጣውን ደንበኛዬ ግንቡ አንገት ላይ አሰርኩና በጣቴ መጀመሪያ ጉሮሮዬን፣ ቀጥሎ ከንፈሬን አሳየሁት። ጉሮሮዬን ቀዶ ያከመኝ ሐኪም ቁስሉ እስኪሽር ትንፍሽ እንዳልል አስጠንቅቆኛል። ገባውና ራሱን ነቀነቀ። ግንቡ ብለን ስም ያወጣንለት እኛው ነን። ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከ«አሳጥረው» በቀር ቃል ወጥቶት አያውቅም።

ጠዋት ባለቤቴ ፀጉር ቤቱን እስኪሻልህ ዝጋው ብላ በር ላይ ይዛኝ ነበር። «ሰው አንተን ፍለጋ የሚመጣው ተጫዋች ስለሆንክ ነው» አለችኝ። «ዝም ካልክማ መቀስ ማንም ይይዛል።» እውነቷን ነው። ግን ማዶ ትልቅ ቴሌቪዥን የሰቀለ አዲስ ፀጉር ቤት ተከፍቷል፤ እዚያ አንዴ የተቀመጠ ደንበኛ ወደኔ አይመለስም። በእጄ እተማመናለሁ፤ ከፈትኩ። ፈርቼም ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ወረፋ የሚጠብቁት መካኒኩና ጡረተኛው አስተማሪ ጣራ ጣራ ያያሉ። ከመቀሴ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። መካኒኩ ወደ ማዶ አየ፤ ደግሞ አየ። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

ይሄኔ ግንቡ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አማትህ አልጋቸውን አሸክመው የመጡ ጊዜ...» ብሎ ጀመረ።

ክው አልኩ። ሁሌ እዚህ የማወራው የኔ ጨዋታ ነው! አማቴ «ለአንድ ሌሊት ነው የመጣሁት» ብለው ሻይ ይጠጣሉ፣ ሁላችንን ይመርቃሉ፣ አልጋው በተሸካሚ ከተፍ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። ይሄ ሰውዬ ከአልጋው ጀመረዋ! መካኒኩ አላስችል ብሎት መጀመሪያ ሻዩ ነው አለ። አስተማሪው ሁለታችሁም ምርቃቱን ዘለላችሁት ብሎ ገባበት። ሦስቱ በኔ አማት ሲከራከሩ እኔ የጨዋታው ባለቤት ፀጉር እቆርጣለሁ።

«ተዉኝ እስቲ» አለ ግንቡ። «ከናንተ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ።» በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «ልክ አይደለሁም?»

ልክ የሚባል ነገር አልነበረውም። አንገቴን ነቅንቄ ልክ ነህ አልኩት።

መካኒኩ አግዳሚ ወንበሩን ወደኛ ስቦ ጀርባውን ለማዶው ፀጉር ቤት ሰጠ። እኔ የግንቡን ማጅራት ለመጨረስ ምላጭ አነሣሁ። ሰውዬው ግን የራሱ ጨዋታ አሸንፎት ትከሻው ከነፎጣው ይንቀጠቀጣል። ምላጩን ወደ ላይ ይዤ፣ ሳቁ እስኪበርድለት ቆሜ ጠበቅሁት።