የአህያ ቆዳ መድኃኒት

አህዮች ለቆዳቸው ሲባል ታርደው ካለቁ ወዲህ የገጠር ሴቶች ውኃ የሚያመላልሱት በጀርባቸው ብቻ ነበር። ከተማ የምትኖረው ትርንጎ ከወለደች በኋላ ደሟ አንሶ ስለነበር፣ ባሏ ከአህያ ቆዳ የሚሠራውን የቻይና መድኃኒት ገዛላት። በሙቅ ውኃ እያሟሟች ስትጠጣው የፊቷ ወዝ ተመለሰ።

እናቷ ወይዘሮ አልጣሽ ሊያርሷት ከገጠር መጡ። ልብስ ስትቀይርላቸው የጀሪካን ገመድ የላጠውን ትከሻቸውን አየች።

«ምን ጠጥተሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?» አሉ እናቷ።

«የቻይና መድኃኒት ነው፣ እማዬ።»

«እስቲ ለእኔም ስጪኝ፤ ወገቤ አልቋል።»

ትርንጎ ከምን እንደሚሠራ ልትነግራቸው ፈለገች፤ አፏ ግን እሺ አላላትም። በጥብጣ ሰጠቻቸው። እናቷ ጨልጠው ጠጡና፣ «ይህን የሠራ እጁ ይባረክ» አሉ።

ትርንጎ አሜን ማለት አቃታት።