መብላት ያቆሙት

የወባ መከላከል ሠራተኛው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ጧት ከግቢው የውሃ ታንከር የትንኝ እጮች ለሙከራ በብርጭቆው ቀድቶ፣ ከባክቴሪያ የተሠራ፣ ሰው የማይጎዳ ዱቄት ነስንሶባቸው፣ «ከሰዓት ስመለስ ሞተው ያገኟቸዋል» ብሎ ነበር የሄደው። አሁን እየተገለባበጡ ይዋኙ ነበር።

«ቀለብ ሰፈርክላቸው እንዴ? ወፍረዋል እኮ!» አሉ የቤቱ እናት። ከኋላቸው ነፍሰ ጡር ልጃቸው ተኝታ ነበር፤ ከወባ የተነሣችው በቀደም ነው። «ለዚህ ብዬ ነው ልጄ የምትጠጣውን ውሃ የማስነካህ?»

አምላኬ አታሳፍረኝ፣ አለ በሆዱ። «ቀን ይፈልጋል» ቢላቸው ያምኑት ነበር። ግን ጠጋ ብሎ ሲያያቸው ሁሉም ራሳቸው አብጦ ጅራታቸው ተቆልምሟል። የባክቴሪያው መርዝ የሚገድለው ዱቄቱን የበላውን እጭ ብቻ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ክንፍ ሊያወጡ ተቃርበው መብላት ያቆሙ ናቸው። በችኮላ የቀዳው እነሱን ነበር።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «እነዚህን መድኃኒቴ አይገድላቸውም፤ ነገ ይበርራሉ። ታንከሩ ውስጥም ቢጤዎቻቸው አሉ። ገና የሚበሉትን ትንንሾቹን ግን ዛሬ ዱቄቱን ታንከሩ ውስጥ ካልነሰነስኩባቸው በሳምንቱ እነሱም ይከተላሉ።»

ሴትዮዋ ብርጭቆውን ተቀብለው የተቆለመሙትን ጅራቶች አዩ።

«አይ አንተ! ዋሽተኸኝ ብትሄድ እኮ ማን ያውቅብህ ነበር?» አሉ። «መሰላሉ ከጓሮ ነው፤ ታንከሩ ላይ ውጣ።»

እሱ ገና ከበሩ ሳይወጣ፣ ፀሐይዋም ሳትጠልቅ፣ በልጃቸው አልጋ ላይ አጎበሩን መዘርጋት ጀመሩ።