በሐበሻ የተሞላው ሰዓት

የወርቅ ሰዓት ያሰረው የጥበቃ ኃላፊ በቡጢ ሲለው፣ የኮምፒውተር ቴክኒሻኑ ከነወንበሩ ተገለበጠ።

«ጋሽ ደቻሳ ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጋዘን ውስጥ ተገደሉ። ካሜራው አንተ ስትገባ የሚያሳየው ዘጠኝ ላይ ነው። የፈረንጅ ዘጠኝ የኛ ሦስት ነው፤ እመን» አለና ሆዱን ረገጠው።

ቴክኒሻኑ ደም ተፋና የካሜራው ስክሪን ፊት ወደተቀመጠው መርማሪ ፖሊስ ዞረ። «የገባሁት ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ነው። ካሜራው ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚወስድበትን መስመር፣ ፖርቱን፣ እኚህ ኃላፊ አስዘጉት። ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ራሳቸው ሞሉት፣ በሐበሻ። ሦስት የሚለውን ይክፈቱት።»

«ይተዉት፣ ምን ያደርጋል» አለ ኃላፊው።

መርማሪው ቪዲዮውን ወደ ኋላ፣ ሦስት ወደሚለው መለሰው። ጋሽ ደቻሳን የሚደበድበው ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቷል። ብረቱን ባነሳ ቁጥር ግን ክንዱ ላይ የወርቅ ሰዓት ብልጭ ይላል።