ያልተገኘው እንጉዳይ

ፎቶ አንሺዋ ከቤቷ ጀርባ ባለው ጫካ የዱር እንጉዳይ ማንሳት ከጀመረች ቆይታለች። የጋለሪው ኃላፊ መልስ ግን አንድ ነበር። «እንጉዳይነቱ ያስታውቃል። ምን እንደሆነ የማይለይ ነገር አምጪልኝ።»

ስለዚህ ይበልጥ ተጠጋች። ሌንሱን ከእንጉዳዩ ባርኔጣ ሥር አስገብታ ሽንሽኑን ብቻ ታነሳ ጀመር። ያን ያህል ሲቀርቡ ትንፋሽ እንኳ ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ እንጉዳዩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ባሏ ሥራ ስለሚውል የሚይዙላት አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ነበሩ።

አማቷ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የገፉ ሴት ናቸው። አውራ ጣታቸው ድሮ መቀስ ከቆረጠው ወዲህ ስለደነዘዘ፣ ሲይዙ ልኩን አያውቁትም። ስንቱን እንጉዳይ ቀጩባት። አንዳንዴም እጃቸው ሌንሱ ፊት ድንቅር ይላል።

«እማማ፣ እጅዎን።»

«ኧረ አነሳሁ። እንዲህ ስትነጫነጪ እንጉዳዩም ይደነግጣል።»

አንድ ቀን ምርር ብሏት ያነሳችውን ሁሉ ሳትመርጥ ለኃላፊው ላከችለት።

በማግስቱ ደወለላት። አንዱን ወዶታል። የተጠማዘዙ ቡናማ መስመሮች፣ መሃላቸውን አንድ ነጭ መስመር ሰንጥቋቸው ያልፋል። ከዚያው ከራሱ እንጉዳይ ሌላ ሦስት ካመጣች የሚቀጥለው ዐውደ ርዕይ ዋና ግድግዳ የእሷ ነው። ካልሆነ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል።

ፎቶውን አሳትማ፣ መስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቀለችውና ፍለጋ ገባች። በጉልበቷ እየዳኸች የዛፉን ሥር ሁሉ ፈተሸች። ነጭ ሰንበር ያለው እንጉዳይ የለም። ዝናቡ ደግሞ ሊያበቃ ነው፤ ከዝናቡ ጋር እንጉዳዩም ያበቃል።

አማቷ ትዝ አሏት። የጎረቤት ልጆች እንዳይበሉት ብለው እየነቀሉ ሲጥሉ ስንቴ አይታቸዋለች።

ጠየቀቻቸው። አማቷ ወደ ፎቶው ቀረብ ብለው አዩትና፣ «ይሄን አልነቀልኩም፤ አይቼውም አላውቅ» አሉ።

«እርስዎ ይዘውልኝ አይደል እንዴ ያነሳሁት?»

ከዚያ በኋላ ያልተባለ ነገር የለም። ሥራዋን እንደሚንቁባት፣ እሳቸው ከመጡ ወዲህ አንድ ነገር እንዳልቀናት። ባሏ መሃል ቢገባ ለእሱም ተረፈው። አማቷ ልብሳቸውን በሻንጣ ከተው ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ለመሄድ ተነሱ። በር ላይ ሲደርሱ ፎቶው ተንጋዶ አገኙት፤ ጥጉን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አቃኑት።

«እርጥብ መሬት ላይ አትተኚ፣ ልጄ። ብርድ ይመታሻል» ብለው ወጡ።

ዝናቡ አቆመ። ግድግዳው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ፎቶ አንሺዋ ምስሉን ልታወርደው ስትል መስታወቱ ጥግ ላይ እድፍ አየች። ልትወለውለው ጨርቅ ይዛ ተጠጋች።

ጥቃቅን የተጠማዘዙ መስመሮች፣ መሃላቸውን አንድ ባዶ መስመር ሰንጥቋቸው ያልፋል።