ያልተመለሰው ትርጉም

የትነበርሽ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታስተምራለች። የዶክትሬት ጽሑፏ በአንድ መጽሐፍ እጦት ቆሞባታል። ሰኔ ሳያልቅ ካላስረከበች የአምስት ዓመት ልፋቷ ውሃ በላው።

ጥናቷ በተወለደችበት በደንቢያ፣ በእንኮይ በር ሚካኤል ስላለው ስመ ጥር የብራና መጽሐፍ ነው። ከፋሲል ግንብ በፊት የተጻፈ ነው ይባላል። በየዓመቱ በሰኔ ሚካኤል ንግሥ በሐር ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ምእመኑም ከጨርቁ ላይ ይሳለመዋል። ዛሬ መግለጥ ክልክል ነው፤ የገለጠው ዓይኑ ይጠፋል። የእናቷን የአማረችን የታመመ ዓይን ያዳነው እሱ ነው፤ አማረችን ጠይቁ።

የቀራት ተስፋ እንግዲህ የእንግሊዝኛው ትርጉም ነበር። በንጉሡ ጊዜ አንድ ፈረንጅ መጥቶ፣ ብራናውን ሲያገላብጥ ከርሞ ተርጉሞ አሳትሞታል። በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ የሣር ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ለበሰ። አገሩ ሁሉ የሚሠለጥንበት ዘመን ነበር።

ኢንተርኔቱን አሰሰች፤ የለም። ውጭ አገር ጻፈች፤ መልስ የለም። በመጨረሻ ጎንደር ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ሽማግሌው ሠራተኛ፣ አያ ክንዱ፣ ሳቁባት።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ! አንድ ቅጂ ነበረን። የናንተው አገር ዲያቆን ተውሶት እንደ ወጣ ቀረ። ሐብተ ማርያም ይባላል፤ ዛሬ የደብሩ ገበዝ ሆኗል።»

የትነበርሽ ደሟ ፈላ። እንግሊዝኛ የማያውቅ ዲያቆን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ምን ይሠራለታል? መቼም ሸጦታል።

በማግስቱ እንኮይ በር ደረሰች።

«አባ፣ መጽሐፉን ለማን ሸጡት?»

ገበዙ አባ ሐብተ ማርያም ክው አሉ። «የትኛውን?»

«የእንግሊዝኛውን ነዋ!»

ፊታቸው ፈታ አለ። «እሱንስ አልሸጥሁም።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ካለበት አለ። ለመሆኑ የእናትሽ ዓይን እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ተይው፣ ልጄ።»

ነገር ማዞራቸው የባሰ አናደዳት። በንግሡ ዕለት፣ በምእመኑ ፊት፣ ሌባ ልትላቸው ቆርጣ ሄደች።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ከእናቷ ኋላ ተሰለፈች። አባ ሐብተ ማርያም ጥቅሉን አቅፈው ሲያሳልሙ ዝናቡ ድንገት ወረደ። ጃንጥላ የያዘውን ዲያቆን ጭቃው አንሸራተተው። ገበዙ ሊደግፉት ሲሉ የሐሩ ጫፍ ተገለበ። አማረች ዓይኗን ጨፍና ተሳለመች።

«ተሳለሚ እንጂ፣ ልጄ! ዓይኔን የሰጠኝ እኮ ነው።»

የትነበርሽ ጎንበስ ስትል፣ ከአፍንጫዋ ሥር በእንግሊዝኛ ፊደል ላይ የተመታ የጎንደሩ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም አየች።