የውሻው ርክክብ

አሮጌው ዘበኛ የመጋዘኑን ቁልፍ፣ ባትሪውንና ፊሽካውን አስረክቦ ሲያበቃ የቀረው ውሻው ብቻ ነበር። የሰንሰለቱን ጫፍ መዳፉ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ እንደያዘ፣ ሊተካው ለመጣው ጎልማሳ አንድ በአንድ አስረዳው። "ቶሎ ቶሎ ሲጮህ የማያውቀው ሰው መጥቷል ማለት ነው። ሲያላዝን ሰልችቶት ነው፤ አትስማው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ካጉረመረመ ግን አጥሩ ላይ ሰው አለና ቀልድ የለም።"

"እሺ ጋሼ" አለ ተተኪው፤ ቁጢጥ ብሎም ውሻውን ከጆሮው ሥር በጣቱ ያክለት ጀመር። ውሻው ዓይኑን ጨፈነ። አገጩን የሰውየው ጉልበት ላይ ጣል አድርጎ፣ በአፍንጫው ቀጭን፣ የሚርገበገብ ድምፅ አወጣ። አሮጌው ዘበኛ ውስጡ ቅጥል አለ። ውሻው ያቺን ድምፅ ከእሱ ሌላ ለማንም አሰምቶ አያውቅም፤ የመጋዘኑ ባለቤት ሥጋ ይዞ ሲመጣ እንኳን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእሱ ብቻ ነበረች። "አንተ ከሃዲ፣ ትንሽ እንኳን አትግደረደርም?" ሊለው ሲል ከአፉ መለሰው።

"ይቺኛዋስ ጋሼ፣ ምን ማለት ናት?" አለ ተተኪው ፈገግ ብሎ።

አሮጌው ዘበኛ ሰንሰለቱን ከመዳፉ ላይ ቀስ ብሎ ፈታና አቀበለው።

"ሆዱን ሲያመው ነው" አለ። "እንዲህ ሲል አትንካው።"