የጎደለች ጭረት

«ይሄ ቀይ ምላስ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አለ በያጁ፣ ጠባሳ የሞላውን ጣቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ።

«ፍጥነት ነው፣ ጋሼ» አለች ተለማማጇ። «ቀይ ሲሆን አየሩ ይፈጥናል፤ ሰማያዊ ሲሆን ይዘገያል።»

«እሺ፣ እናንተ ታውቃላችሁ።» ጣቱን ሰበሰበ። የሥራ ልብሱ ወንበሩን እንዳያቆሽሸው ፈርቶ ከገባ ጀምሮ ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠው።

ተለማማጇ ትንፋሿን ለቀቀች። የሦስት ወር ልፋቷ አንድ ገጽ ሆኖ ዋና መሐንዲሷ ፊት ተቀምጧል። በያጁ የሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ጭስ መሳቢያ ሊሰቀል ነው፤ የት ይሰቀል የሚለውን ኮምፒውተሩ የአየሩን አካሄድ አስልቶ መልሷል፦ ከጠረጴዛው አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል፣ ጭሱ ተጠርጎ ይሄዳል። መሐንዲሷ ከፈረመች ቆርቆሮው ዛሬ ከሰዓት ይቆረጣል። ተለማማጇም ትቀጠራለች፤ «ይሄ ሥራ ካማረ ወንበሩ ያንቺ ነው» ተብላለች።

ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ ይኸው ነው። አባቷ ለጎረቤቱ «ልጄ ነፋስ ታሰላለች» እያለ ይኮራል። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ «አንቺ ነፋስ አባራሪ፣ የቅጥር ደብዳቤሽንም ነፋስ እንዳይወስደው» እያለ ይስቅባታል። ዛሬ ጠዋት ግን እሱም አልቀለደም። ጫማዋን ራሱ ወልውሎ በሩ ሥር አስቀመጠላት። ያኔ ነው የምር የፈራችው።

መሐንዲሷ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች።

«እኔን የገረመኝ» አለ በያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሚስብ ነገር ምላስ ማውጣቱ ነው። ሻማ እፍ ብለሽ ታጠፊያለሽ። እስቲ ወደ ውስጥ ስበሽ አጥፊው! ከንፈርሽ ይለበለባል እንጂ ሻማው ንቅንቅ አይልም።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት።

እሷም ለይሉኝታ ሳቀች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረችና ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

ምላሱ የሚነሣው ከመሳቢያው አፍ ነው። ተምዘግዝጎ እስከ ጠረጴዛው ወርዷል። የሚስብ አፍ እንዲህ ሩቅ አይደርስም፤ እንዲህ የሚደርስ የሚነፋ ነው።

እጇ ሳታዘው ማውዙን ያዘ። የመሳቢያውን ፍጥነት የሞላችበትን ሳጥን ከፈተች። ስምንት ቁጥር ብቻዋን ቁጭ ብላለች። በዚህ ፕሮግራም ቁጥሩ እንዲሁ ከተጻፈ አየሩ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ እንዲወጣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይፈልጋል። አንዲት ጭረት። ጭስ መሳቢያ ብላ ስታሰላው የከረመችው ለካ ማራገቢያ ኖሯል። ማሽኑም አልተቃወማት፤ የሰጡትን ያሰላል። ቀለሙ ፍጥነትን እንጂ አቅጣጫን አይናገርም። አቅጣጫ የሚናገሩትን ቀስቶች ደግሞ፣ ሥዕሉን ያዝረከርኩታል ብላ ያጠፋቻቸው ራሷ ናት።

መሐንዲሷ ገጹ ላይ ቀን እየጻፈች ነው። ዝም ብትል ማን ያውቃል? መሳቢያው ተሰቅሎ ሲበራ ድምፅ ያሰማል፣ ትንሽም ይስባል። ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ አንዲት ጭረት የሚፈልግ ማን አለ? ቀኑ ተጻፈ። እስክሪብቶው ወደ ፊርማው ቦታ ወረደ።

«ኢንጂነር» አለች። እስክሪብቶው አልቆመም። «ኢንጂነር፣ አይፈርሙ።»

«ምን አልሽ?»

«መቀነሱን ረስቼዋለሁ።»

መሐንዲሷ ተነሥታ መጣች። ጎንበስ ብላ ስምንቷን አየቻት፤ ቶሎም ቀና አላለች። ተለማማጇ ቁጣውን ጠበቀች።

«ትናንት እኔም አይቼዋለሁ» አለች መሐንዲሷ ቀስ ብላ። «ይቺን ሳጥን ራሴ ከፈትኳት። ስምንት፣ ልክ ነው ብዬ ዘጋኋት።»

በያጁ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየ። «ምንድን ነው? አበላሸሁ እንዴ? እኔ ስክሪኑን አልነካሁም!»

«አይ ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አስተካክይውና ቶሎ በሚያልቀው ሻካራ ስሌት አስኪጂው፤ ለጊዜው መልኩን እንየው» አለች መሐንዲሷ። ስለ ወንበሩ ምንም አላለችም።

ጭረቷን ጻፈች። ዐሥር ደቂቃ ጠበቁ። ዐሥር ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን አታውቅም ነበር። በያጁ ሳሉ በመጣ ቁጥር በክንዱ አፉን ይሸፍናል፤ እሷ ደግሞ በመጣ ቁጥር ትሸማቀቃለች።

ሥዕሉ መጣ። ቀዩ ምላስ የለም። ያጠፋቻቸውን ቀስቶች መልሳ አበራቻቸው። መሳቢያው አፍ ሥር ያሉት ጥቂቶቹ ወደ ላይ ይገባሉ፤ ከዚያ በታች ያሉት ግን እንዳልሰሙ ሆነው መንገዳቸውን ይሄዳሉ። ጭሱ ከጠረጴዛው ተነሣ፣ ከመስኮቱ በሚገባው አየር ወደ ጎን አዘነበለ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ የተንጠለጠለች ግራጫ ኳስ ላይ ደርሶ ተጠመጠመባት።

«ይቺስ?» አለ በያጁ። «ይቺ ኳስ ምንድን ናት?»

በመጀመሪያው ሳምንት አንዴ ካስቀመጠቻት ወዲህ ልብ ብላ አይታት አታውቅም። ጭሱ የሚለካባት ቦታ ናት፤ ከዚያ የተረፈ ስም አልነበራትም።

«ጭንቅላት ናት፣ ጋሼ» አለች። «የሚበይደው ሰው።»

በያጁ ከወንበሩ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ስክሪኑ ቀረበ። ቆቡን አወለቀ። መስታወት ፊት እንደቆመ ሰው አገጩን ትንሽ ቀና አድርጎ፣ በጭሱ ውስጥ ያለችውን ኳስ አያት።